ብረቱ ነው አለው

በሩ አልገፋ አላቸው። የጽዳት ሠራተኛዋ አሮጊት ጓጉንቸሩን ከፍተው፣ ባልዲያቸውን መሬት አስቀምጠው፣ እንደ ወትሮው በመዳፋቸው ቢነኩት ፍንክች አላለም። ከኋላቸው ሥራ የጨረሱ ቆዳ ገፋፊዎች ደም የጠጣ ሽርጣቸውን እንደታጠቁ ልብስ ለመቀየር ተኮልኩለዋል።

«እማማ፣ ይፍጠኑ እንጂ! እኛም እኮ ቤት የሚጠብቀን አለ» አለ አንዱ።

«አንተን የሚጠብቅህ ቁንጫ ነው» አሉና በሩን በትከሻቸው ገፉት።

ከበሩ ኋላ የነበረው ነገር ተንሸራተተና መልሶ ቆመ። በተከፈተው ስንጥቅ መጀመሪያ አንድ የጎማ ቦት ጫማ ታያቸው። ቀጥሎ ጫማው ውስጥ እግር መኖሩ ታያቸው። ጩኸታቸው ያን ሰፊ ቄራ ከዳር እስከ ዳር አዳረሰው።

ኢንስፔክተሯ ስትደርስ ጸሐይ ገና አልጠለቀችም። ባልደረቦቿ «መርፌ» ይሏታል፤ ቀስ ብላ ትገባለች፣ ስትወጣ ግን ክር ይዛ ነው ይላሉ። ሬሳውን ለማየት ቁጢጥ አለች።

ሟቹን ባልደረቦቹ «ጎሽ» የሚሉት በከንቱ አልነበረም። የበሬ ጭን በትከሻው ተሸክሞ ሌላውን በእጁ እየጎተተ የሚሄድ ሰው ነበር። አሁን ግን ጉልበቱን አጥፎ በሩ ሥር ተኮራምቷል። ግንባሩ ከቅንድቡ በላይ ተሰንጥቋል። ሆኖም በክፍሉ ውስጥ ያለው ደም ከአንድ ግንባር የሚወጣ አልነበረም። የብረቱን አግዳሚ ወንበር አልብሶ፣ ወለሉን ሞልቶ፣ ግድግዳው ላይ ተረጭቷል። አንዳንዱ ቀይ ነው፤ አንዳንዱ ረግቶ፣ ጠቁሮ፣ የቡና አተላ መስሏል። በበሩ የውስጥ ገጽ ላይ ደግሞ የመዳፍ አሻራዎች ነበሩ። ከላይ ጀምረው ዝቅ፣ ዝቅ እያሉ ይወርዳሉ፤ የመጨረሻው ወለሉን ሊነካ ምንም አልቀረውም።

«እዚህ ቤት ደም ፈልገን አንቸገርም» አለ ሳጅኑ አፍንጫውን በመሐረብ ይዞ። «ችግሩ የትኛው የበሬ፣ የትኛው የሰው እንደሆነ መለየቱ ነው።»

«ከውጭ ተቆልፎ ነው የተገኘው?»

«አዎ። ግን ጓጉንቸር ለመቆለፍ ቁልፍ አይጠይቅም። ያገኘ ሁሉ ጠቅ ያደርገዋል።»

ገና መልስ ሳትሰጠው ከግቢው የሰው ጩኸት ተነሳ። ተከትሎም የእንጨት ድምፅ መጣ፤ እንጨት ሥጋ ላይ ሲያርፍ የሚያሰማው ድምፅ።

ሮጣ ወጣች። ገፋፊዎቹ አንድ ሰው መሬት ላይ ጥለው ከበውታል። የሥጋ መጎተቻ ሜንጦ እጀታ ይነሳል፣ ይወርዳል። ቦት ጫማ ይነሳል፣ ይወርዳል። ከሁሉም ፊት የቆመው የእርድ መስመሩ ካቦ ነበር፤ የጎሽ ታላቅ ወንድም፣ እሱም እንደ ወንድሙ ግድንግድ። «የእናቴን ልጅ!» እያለ ነበር የሚመታው። «የእናቴን ልጅ በላህብኝ!»

ሽጉጧን አውጥታ ወደ ሰማይ ተኮሰች። ሁሉም ባለበት ደረቀ።

«ሁለተኛው ወደ ሰማይ አይደለም» አለች፤ ድምፅዋን እንኳ ከፍ አላደረገችውም።

ክቡ ሲከፈት የተደበደበው ሰው ታየ። ቢላዋ የሚስለው ሠራተኛ ነበር፤ «ሞረድ» የሚሉት፣ የጎሽ ሚስት ወንድም። አገጩ ከቦታው ወጥቶ ወደ ጎን ዞሯል። ከአፉ የሚወጣው ደም ከጥርስ ጋር ነበር። ዓይኑን ገልጦ ኢንስፔክተሯን አያት፤ አንድ ነገር ሊናገር ሞከረና ራሱን ሳተ።

*

«ጠዋት ቧንቧው ጋ ሞረድ የወንድሜን አንገት ይዞ ነበር» አለ ካቦው። «ሰው ሁሉ ሰምቷል። ‹ዛሬ ከዚህ ግቢ ካልወጣህ ሬሳህን ተሸክሜ ነው የማወጣህ› አለው። ማንንም ይጠይቁ።»

እሷም ጠየቀች። ሰው ሁሉ ሰምቷል። ቃሉ እንኳ አንዱ ካንዱ አይለያይም።

«በምን ተጣሉ?»

«የአማች ጠብ ምክንያት አይፈልግም፤ ‹እህቴን በደልክ› ነው መቼም። እኔ በመሃል ገብቼ ለያየኋቸው። ከዚያ ወዲህ ወንድሜን አላየሁትም።» ፊቱን በክንዱ ጠረገ። «እንግዶች ነበሩብን። ሥጋውን የሚገዙት ኩባንያዎች የላኳቸው ተቆጣጣሪዎች ናቸው። ከመጡ እስኪሄዱ ከጎናቸው አልተለየሁም። እነሱን እያስጎበኘሁ... እሱ እዚያ...»

አለቀሰ። ኢንስፔክተሯ ውኃ አስመጣችለት። ብዙ ለቅሶ አይታለች፤ የውሸት ለቅሶም አይታለች። ይኼ የውሸት አልነበረም።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎት» አለች። «ሞረድን መጀመሪያ የመቱት እርስዎ ነዎት። ምኑን መቱት?»

ካቦው ጎንበስ አለ። «ያገኘሁትን ነው እንጂ ማን መርጦ ይመታል?»

እማማ ከቢሮው ውጭ ባልዲያቸው ላይ ተቀምጠው ይጠብቋት ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን ስለ ሬሳው ያወራ ነበር፤ እሳቸው ግን ድንጋጤው ሲለቃቸው የሥራቸው ብሶት ነው የመጣባቸው።

«ዛሬ የሰይጣን ቀን ነው፤ ከጠዋቱ ያስታውቅ ነበር። ለእንግዶቹ ብዬ ወለሉን እንደ ሳህን ባጥበው፣ የአጥንት መጋዙን ያለ ሥጋ አስነስተው ያስጮኹታል! ያ ሁሉ የአጥንት ብናኝ በነፋሱ እየተነሳ ተመልሶ ወለሌ ላይ። እንግዶቹም ጆሯቸውን ይዘው አለፉ።»

«እንዴት ያለ ነገር ነው» አለች ኢንስፔክተሯ፣ ልቧ ሌላ ጋ ሆኖ።

*

ሆስፒታል ውስጥ ሞረድ አልጋው ላይ በእጀ ብረት ታስሮ፣ ራሱን እንደሳተ ተኝቷል። ጎኑ ተሰብሮ የውስጥ መድማት እንዳለበት ሐኪሞቹ ተናግረዋል። በኮሪደሩ አግዳሚ ላይ የጎሽ ሚስት ተቀምጣለች። ሆዷ ገፍቷል። ባሏ ሬሳ ክፍል ነው፣ ወንድሟ በባሏ ግድያ ተጠርጥሮ ከግድግዳው ወዲያ ነው። ለየትኛው እንደምታለቅስ ግራ ገብቷት አታለቅስም።

«ወንድሜ አልገደለውም» አለች።

«እህት ስለሆንሽ ነው ይኼን የምትይ?»

«ሚስት ስለሆንኩ ነው።» ቀና አለች። «ባሌ ከሰሞኑ ሰው አልነበረም። ወገቡን ያመዋል፣ ማስታገሻ ይውጣል፣ ይሄዳል። እህል አይቀምስም፤ ሆዴን ይበላኛል ይላል። ሲነሳ ግድግዳ ይይዛል። ያ ተራራ የሚያህል ሰው ደረጃ ላይ ቁጭ ብሎ ያርፋል። ፊቱ ወረቀት መሰለ። ለወንድሜ ነገርኩት። ‹ነገ አንገቱን ይዤም ቢሆን ከዚያ ቄራ አስወጥቼ ሐኪም ዘንድ አደርሰዋለሁ› አለኝ። ጠቡ ይኸው ነው።»

ሳጅኑ ከኋላ ሆኖ ከሟቹ ኪስ የተገኘውን ትንሽ የቆርቆሮ ሣጥን አወጣ። በውስጡ ሦስት ዓይነት ክኒኖች ተደባልቀው ነበር። «ይኼን ታውቂዋለሽ?»

አየችው። «አንደኛው የኔን ይመስላል። ለእርግዝናዬ የታዘዘልኝ የብረት ክኒን ነው።»

«የአንቺ ክኒን በባልሽ ኪስ ምን ይሠራል?» አለ ሳጅኑ። «ምን ቀላቅለሽ ነው የሰጠሽው?»

«ሳጅን!»

«ልጠይቃት እንጂ፣ ኢንስፔክተር። እህትና ወንድም ተመካክረው...»

ሴትዮዋ ቦርሳዋን ከፍታ ብልቃጧን አግዳሚው ላይ አስቀመጠች። ክዳኑ ገና ከተከፈተ ብዙም አልቆየም፤ አፉ ድረስ ሙሉ ነበር። «የኔ ይኸው። እሱ የራሱን ከሥራ ቦታ ነበር የሚያመጣው። ማን እንደሚሰጠው ጠይቄው ‹ወንድ ልጅ ለክኒን ምስክር አያቆምም› ብሎ ስቆብኝ አልፏል።» ድምፅዋ ዝግ አለ። «አንድ ቀን ከመጸዳጃ ወጥቶ እንደ ሬንጅ ጥቁር ሆነብኝ አለኝ። ደነገጥኩ። ‹አትፍሪ፣ ጠይቄያለሁ፤ ብረቱ ነው አለኝ› አለ።»

«ማን ነው ‹ብረቱ ነው› ያለው?»

«አልነገረኝም።»

ሲወጡ ሳጅኑ «መርዝ ነው፤ ቁርጡን እናገራለሁ» አለ።

*

አስከሬን መርማሪው ሐኪም ጓንቱን ሳያወልቅ ተቀበላት። ለዓመታት ስለሚተዋወቁ ሰላምታ አያበዙም።

«መርዝ የለም» አለ። «ቢላዋም የለም። ግንባሩ ላይ የተሰነጠቀው ቆዳው ብቻ ነው፤ አጥንቱ ደህና ነው። አንድ ሰው ገፍቶት ከብረት ጋር ተጋጭቷል፤ ግን የሞተው በሱ አይደለም።»

«ታዲያ በምን?»

«ጨጓራው ውስጥ ጥልቅ ቁስል አለ። ቁስሉ ሥር ያለው የደም ሥር ተበልቶ ፈንድቷል። ያየሽው ደም ሁሉ በአፉ የወጣ ነው። ደግሞ የአንድ ቀን ነገር አይደለም፤ አንጀቱን ብታዪው ሬንጅ የፈሰሰበት ነው የሚመስለው። ሲደማ ሰንብቷል።»

ቆርቆሮውን ሰጠችው። ክኒኖቹን በጣቱ እየለየ አያቸው።

«እነዚህ ሁለቱ ማስታገሻዎች ናቸው፤ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ። ስማቸው ተለያየ እንጂ ያንድ እናት ልጆች ናቸው። አንዱ ብቻውን በባዶ ሆድ ሲወሰድ ጨጓራን ይልጣል። ሁለቱን አንድ ላይ የሚውጥ ሰው እጥፍ እፎይታ አያገኝም፤ ቁስሉን ነው እጥፍ የሚያደርገው። ሦስተኛው የብረት ክኒን ነው። እሱም በባዶ ሆድ ይቆጠቁጣል፤ ዋናው ተንኮሉ ግን ሌላ ነው። ሰገራን ያጠቁራል።»

«ጨጓራ ሲደማስ?»

«እሱም ያጠቁራል። አየሽ? ሰውየው ደሙ ሲፈስ በዓይኑ እያየ መድኃኒቱ ነው ይላል። ደሙ ሲፈስ ይገረጣል፤ ሲገረጣ ብረት ይጨምሩለታል። ጅብ ደጅ ቆሞ ውሻውን አሥረው ያስተኙታል ማለት ነው።»

ኢንስፔክተሯ ወደ ተሸፈነው ሬሳ አየች። «ስለዚህ ገዳይ የለም።»

«እንዲህ አላልኩም።» ሐኪሙ አንሶላውን ገልጦ የሟቹን እጅ አነሳ። አንጓዎቹ ላይ ያለው ቆዳ ተልጦ አጥንቱ ይታያል። ጥፍሮቹ ሥር የበር ቀለም ገብቷል። «ይህን ብዙ ጊዜ አይተሽዋል። በር የደበደበ ሰው እጅ ነው። ከተቆለፈበት በኋላ በሕይወት ነበር፤ ለአፍታ አይደለም፣ ረዘም ላለ ጊዜ። ያኔ ደርሶልን ቢሆን ደም ሰጥተን፣ ቁስሉን ዘግተን፣ ዛሬ አልጋ ላይ ተነጫንጮ ነርሶቹን ያማርራቸው ነበር።»

*

ቆርቆሮው ውስጥ የክኒን ፖስታ ቅዳጅ ተጣብቆ ነበር። ማኅተሙ ከቄራው ፊት ለፊት ወዳለው መድኃኒት ቤት መራት። ባለቤቱ በዕድሜ የገፉ ፋርማሲስት ናቸው፤ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው መነጽር የሚፈልጉ ዓይነት ሰው።

«አስታውሰዋለሁ፤ እንዴት እረሳዋለሁ? ካቦው ነው የገዛው፤ ለወንድሜ ነው ብሎ። ወገቡን ያመዋል አለኝ። ፓራሲታሞል ባቀርብለት ‹ይኼማ ለተማሪ ራስ ምታት ነው፤ የኔ ወንድም በሬ ነው የሚሸከመው› ብሎ መለሰልኝ። እሺ ብዬ አይቡፕሮፌኑን ሰጠሁት፤ ከምግብ በኋላ ብቻ፣ ለጥቂት ቀን ብቻ፣ ብዬ።»

«ሌላኛውስ?»

«ዳይክሎፌናኩ? እሱ የኔ አይደለም! ከማዶ ገዝቶት ይሆናል። ታዲያ አንዱ ሱቅ ሌላው የሸጠውን በምን ጥበቡ ያውቃል? የሚናገር የለም፤ የሚጠይቅም የለም።» መነጽራቸውን አወረዱት። «በኋላ ተመልሶ መጣ። ‹ወንድሜ ገረጣ፤ ደም የሚሠራ ነገር ስጠኝ› አለኝ። ያን ጊዜ ጠረጠርኩ። ‹ሰገራው እንዴት ነው?› ብዬ ብጠይቀው ‹እኔ ካቦ ነኝ እንጂ የሰገራ ሐኪም አይደለሁም› አለኝ።»

«ብረቱን ግን ሸጡለት።»

የሽማግሌው ፊት ቀላ። «ሸጥኩለት። ግን ነግሬዋለሁ! የብረት ጥቁር የደረቀ ነው፣ ወደ አረንጓዴም ያደላል። እንደ ሬንጅ የሚጣበቅና የሚከረፋ ከሆነ ግን ደም ነው። ማስታገሻውን ይጣልና በሩጫ ሐኪም ቤት ይሂድ። ደግሜ ነው የነገርኩት። ‹ሰማሁ፣ አባባ› ብሎኝ ሄደ።»

ውጭ ሲወጡ ሳጅኑ ድንጋይ በእግሩ መታ። «ምስኪን። ወንድሙን ያድን መስሎት... ይህን እንዴት እንንገረው?»

ኢንስፔክተሯም አዘነች። መድኃኒት ገዝቶ ለወንድም መስጠት ወንጀል አይደለም፤ ጅልነት ቢሆን ነው። ግን በሩ ላይ ዝቅ፣ ዝቅ የሚሉት መዳፎች ከዓይኗ አልጠፉም። አንድ ሰው ያን ጓጉንቸር ጠቅ አድርጎታል። ሞረድ ከሆነ፣ ሐኪም ዘንድ ሊወስደው አንገቱን ያነቀውን ሰው ለምን ይቆልፍበታል?

*

ቄራው በማግስቱ ሥራ አላቆመም። ከብት ኀዘን አያውቅም፤ ገዢም አያውቅም። ልብስ መቀየሪያው ታጥቦ፣ በበሩ ላይ ጓጉንቸሩ ተመልሶ ተንጠልጥሏል።

«እማማ» አለች ኢንስፔክተሯ፣ «ትናንት በሥራ መሃል ይህ ክፍል ክፍት ነበር?»

«ኧረ ምን ሲባል! ጫማ ሲሰረቅ ጊዜ ሕግ ወጣ እኮ። ሥራ ሲጀመር ካቦው ይቆልፈዋል፣ ሲያልቅ እሱ ይከፍተዋል። በመሃል የሆነ ሰው ሽንቱ ቢመጣ እንኳ ውጭ ነው የሚሄድ።»

«ቁልፉ ስንት ነው?»

«አንድ! ካንገቱ አይወርድም። ከሚስቱ ይልቅ ከሱ ጋር ነው የሚተኛ ይሉታል ልጆቹ።»

«ትናንት ግን እርስዎ ነዎት የከፈቱት።»

«እኔም ገርሞኛል። ካንገቱ አውልቆ ‹እማማ፣ ዛሬ እርስዎ ይክፈቱላቸው› አለኝ። ፊቴን እንኳ አላየም። ከዚህ በፊት አስነክቶኝ አያውቅ!»

ኢንስፔክተሯ ጓጉንቸሩን በመዳፏ ያዘችው። ቀዝቃዛ ነበር። ከትናንት ጀምሮ ስትጠይቅ የነበረው ማን ቆለፈው ብላ ነው። መቆለፉንማ ሕፃንም ይቆልፈዋል። ጎሽ ወደ ውስጥ እንዲገባ ግን በመጀመሪያ አንድ ሰው መክፈት ነበረበት።

«እማማ፣ ያ ያለ ሥጋ ሲጮህ የነበረው መጋዝ» አለች፤ «ማን ነበር ያስነሳው?»

«ማን ይሆናል? ራሱ ነዋ! ሠራተኛው እምቢ ቢለው ገፍትሮት ራሱ ይዞት ቆመ።»

ሳጅኑን ክፍሉ ውስጥ አስገብታ ዘጋችበትና ደብድብ አለችው። መጋዙ ቆሞ ሳለ ድብደባው ከአዳራሹ ጫፍ ይሰማ ነበር፤ ገፋፊዎቹ ቢላዋቸውን እንደያዙ ዞር ዞር አሉ። ከዚያ መጋዙን አስነሳች። የመጋዙ ጩኸት ጣሪያውን ሞላው። በሩ ሲንቀጠቀጥ በዓይን ይታያል። አንዳች ድምፅ ግን አይሰማም።

መጋዙን ስታጠፋ ካቦው በሥጋ መስቀያ ሰንሰለቶቹ መካከል ቆሞ እያያት ነበር። በእጁ ሜንጦ ይዟል።

«ምን እያደረጉ ነው?»

«አንተ ያደረግከውን» አለች። እስካሁን «እርስዎ» ስትለው ኖራ አሁን ለምን «አንተ» እንዳለችው ሁለቱም አላጡትም። «በሩን ማን ከፈተለት?»

መልሱ ሜንጦው ነበር። ዘሎ ሲሰነዝር ሳጅኑ ከበሩ ወጥቶ በመሃል ገባ። የብረቱ ጫፍ ትከሻው ውስጥ ሰጠመ፤ ካቦው መልሶ ሲነጥቀው የደንቡ ልብስና ሥጋው አብረው ተቀደዱ። ሳጅኑ ጮኸ። ሜንጦው ሁለተኛ ተነሳ። ኢንስፔክተሯ ጭኑን ተኮሰችው፤ ያ ትልቅ ሰው ቀኝ እግሩ ከድቶት፣ እማማ አጥበው በጨረሱት ወለል ላይ እንደ በሬ ተዘረጋ።

ገፋፊዎቹ ከየአቅጣጫው መጡ። ሰምተዋል፤ በሩንም መጋዙንም አይተዋል። ፊታቸው ትናንት ሞረድን ሲከቡ የነበረው ፊት ነው።

«ለኛ ይተዉልን» አለ አንዱ።

«ትናንትም ለእናንተ ተትቶ አይተነዋል!» ብላ ካቦው ላይ እግሯን ግራና ቀኝ አድርጋ ቆመች። «ያልበደለውን አገጩን ሰብራችሁ አስተኝታችሁታል። ወደ ኋላ!»

ወደ ኋላ አሉ። ካቦው ጭኑን ይዞ ጣሪያውን እያየ ተናገረ፤ ማንም ሳይጠይቀው።

«እንግዶቹ በር ላይ ነበሩ። እሱ ገርጥቶ፣ ላብ አጥምቆት፣ ቢላዋውን መያዝ አቅቶታል። በሽተኛ መስመር ላይ ካዩ ቄራውን ያዘጉታል። ‹ጋሼ፣ ልሂድ› አለኝ። በግቢው በር ቢወጣ ፊት ለፊት ሊያገኛቸው ነው። ‹እዚህ ግባና ተኛ፤ ሲሄዱ ትወጣለህ› አልኩት። አልገባም አለ። ገፋሁት። አግዳሚው ላይ ወደቀ። ዘጋሁ።»

«ሲደበድብ ሰማህ።»

«ሰማሁ።»

«መጋዙን አስነሳህ።»

«እናታችን ከሞተች ጀምሮ እኔ ነኝ ያሳደግኩት!» ብሎ አለቀሰ። «ሲያጠፋ እቆልፍበት ነበር። ይደበድባል፣ ይጮኻል፣ ከዚያ ዝም ይላል። ዝም ሲል ልቡ ተመልሷል ማለት ነው። ትናንትም ዝም ሲል...»

«ተመከረ አልክ።»

«አዎ።»

«እንግዶቹ ሲሄዱስ? ለምን ራስህ አልከፈትክም?»

ከሰንሰለቶቹ አንዱ ላይ የተሰቀለ ሥጋ ደሙን ጠብ፣ ጠብ ያደርጋል።

«የመድኃኒት ቤቱ ሽማግሌ የነገረኝ ትዝ አለኝ» አለ በመጨረሻ። «የሬንጁ ነገር። ወንድሜ በሰሞኑ መጥቶ ጠይቆኝ ነበር፤ እኔ ብረቱ ነው አልኩት። ሐኪም ቤት ከሄደ መቼ ይመለሳል? ለእንግዶቹ ሰው ጎደለብኝ ልል ነው? ከዚያ በሩ ዝም ሲል... ፈራሁ። መክፈት ፈራሁ። ሞረድ መጥቶ ‹የት አለ?› ሲለኝ ሐኪም ቤት ልኬዋለሁ ብዬው ነበር።»

«ለዚህ ነው አፉን የመታኸው።»

ካቦው ዓይኑን ጨፈነ።

*

በሆስፒታሉ ኢንስፔክተሯ እጀ ብረቱን በራሷ እጅ ከሞረድ አንጓ ፈታችው። ሰውየው አልነቃም። ፊቱ አብጦ፣ ከንፈሩ ነጥቷል። እህቱ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ እጁን ይዛለች።

«ደም ያስፈልገዋል» አለች ነርሷ። «በቶሎ። ቀን የሚጠብቅ ሕመም አይደለም። እርጉዝ ስለሆነች ከእሷ አልወስድም።»

ኮሪደሩ ላይ ገፋፊዎቹ ቆመው ነበር። ማንም አልጠራቸውም። እጃቸውን ታጥበዋል፤ የት እንደሚያስገቡት ግን ጠፍቷቸዋል። ኢንስፔክተሯ በሩን ስትከፍተው አንድ በአንድ ክንዳቸውን እየገለጡ ተጠጉ።

ነርሷ የመጀመሪያውን አስቀመጠችውና የዓይኑን ሥር ገልጣ አየች። «በቅርቡ የወሰድከው መድኃኒት አለ? ማስታገሻ? ሆድህን ያምሃል?»

ሰውየው ወለሉን አየ። ከዚያ ኪሱ ገብቶ የተጠቀለለ ወረቀት አወጣና ትሪዋ ላይ አስቀመጠ። ሁለት ዓይነት ክኒን ነበር።

«ማን አዘዘልህ?»

«ማንም። ሁላችንም እኮ እንወስዳለን። ካልወሰድን ወገብ መች ይነሳል?»

ሁለተኛው ሳይጠየቅ አወጣ። ሦስተኛውም። ትሪው ላይ ወረቀቶቹ ተከመሩ። ነርሷ ጣቶቻቸውን እየወጋች ደማቸውን ስታይ ፊቷ ተለዋወጠ። «አንተ ገርጥተሃል፤ ዛሬ ሐኪም ሳያይህ ከዚህ አትወጣም። አንተም። አንተም እዚያ ተቀመጥ። ምግብ ሳትበሉ ነው የምትውጡት? እናንተ ሰዎች ምን ሆናችኋል?»

የጎሽ ሚስት ከውስጥ ሆና ሰማች። ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው።

ሰልፉ አለቀና አንድ ቀረ። ከሁሉም ኋላ ሆኖ ሲያመነታ የነበረ፣ ትከሻው ሰፊ፣ ግንባሩ ዝቅ ያለ ሰው ነበር።

«አንተስ?» አለችው ነርሷ ተስፋ እየቆረጠች። «ምን ትወስዳለህ?»

«ምንም። ክኒን መዋጥ አልችልም፤ ጉሮሮዬ እምቢ ይላል።»

ጣቱን ወጋችው፣ አየች፣ በእሺታ ራሷን ነቀነቀች። የደሙ ዓይነትም ገጠመ። ሰውየው ግን አልተቀመጠም። የተኛውን ሰው በበሩ እያየ ቆመ።

«ጎኑን የሰበርኩት እኔ ነኝ» አለ። «በዚህ በቀኙ። ይህን ሳታውቂ እንዳትቀጂ ብዬ ነው።»

ነርሷ ኢንስፔክተሯን አየቻት። ኢንስፔክተሯ የጎሽን ሚስት አየቻት። ሴትዮዋ እንባዋን በአንድ እጅዋ ጠረገች፤ ሌላው የወንድሟን እጅ አልለቀቀም።

«ቅጂው» አለች።

ሰውየው ተቀመጠ። ነርሷ ከክርኑ በላይ ጎማውን አሰረችበትና የደም ሥሩን በጣቷ ፈለገች።

«እጅህን ጨብጥ» አለችው። «ጠበቅ አድርገህ።»

ጨበጠና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።